የአንድ ቀን ትንፋሽ ስንት ያወጣል?

ከቱሉ ዲምቱ፦ ወንድሜ በሳንባ ምች ተይዞ በግል ሆስፒታል መተንፈሻ መሣሪያ ላይ ነው። መሣሪያው አንዴ ተገዝቶ የተቀመጠ ነው፤ በየቀኑ ይህን ያህል የሚያስከፍሉን ለምንድን ነው?

የሚከፍሉት ለመሣሪያው ብቻ ቢሆን ኖሮ እኔም አብሬዎት እሟገት ነበር። ገንዘቡን የሚበላው ሰውና ጊዜ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ከአልጋው የማትርቅ ነርስ፣ ማስተኛ መድኃኒት፣ የደም ምርመራ፣ ራጅ፣ አንዴ አገልግሎ የሚጣል ቱቦ። ኦክስጅኑንም እናስላው። ትልቁ ሲሊንደር 6,800 ሊትር ያህል ይይዛል። በጭምብል በደቂቃ 15 ሊትር የሚወስድ ሕመምተኛ በሰባት ሰዓት ተኩል ይጨርሰዋል፤ በቀን ከሦስት በላይ ማለት ነው። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ስለ ሒሳቡ ከመጠየቅዎ በፊት «ማስተኛውን ቀንሳችሁ ራሱ መተንፈስ ይችል እንደሆነ ዛሬ ትሞክራላችሁ?» ብለው ይጠይቁ። በደረሰኝ ላይ ከመከራከር አንድ ቀን ቀድሞ ከመሣሪያው መላቀቅ ይበልጣል።

ከቃሊቲ፦ የጤና መድን ካርዳችን ለግል ሆስፒታል ይከፍላል?

ሆስፒታሉ ከመድኑ ጋር ውል ከሌለው አይከፍልም። ካርዱን በየዓመቱ ያሳድሱ፤ የሪፈር ወረቀቱንም አይጣሉ።

ከሰበታ፦ ሐኪሞቹ አባታችንን በአፋቸው ሊደፏቸው ነው። ተስፋ ቆርጠው ይሆን?

ቢቆርጡ ኖሮ ይህን ሁሉ ድካም ምን አመጣው? በጀርባ ሲተኙ በአልጋው በኩል ያለው የሳንባ ክፍል ተጨፍልቆ አየር አይገባውም፤ ሲገለበጡ ይከፈታል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ የፈረንሳይ ሐኪሞች ጥናት፣ ሳንባቸው ክፉኛ ታሞ በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ያሉትን ቢያንስ ለ16 ሰዓት እየደፋ በማስተኛት፣ በ28 ቀን ውስጥ የሚሞቱትን ከ32.8 በመቶ ወደ 16 አውርዷል። ወጪው የአራት አምስት ሰው ጉልበትና ጥንቃቄ ነው።

ከለገጣፎ፦ አሜሪካ ያለችው እህታችን «ደምን አውጥቶ ኦክስጅን ሰጥቶ የሚመልስ መሣሪያ አለ፤ ቤቱን ሸጣችሁ ውጭ አሳክሙት» ትላለች።

መሣሪያው ኤክሞ ይባላል። በብሪታኒያ በ180 ሕመምተኞች ላይ ተጠንቶ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ወጣ፤ ኤክሞ ወዳለበት ማዕከል ከተላኩት 63 በመቶ፣ በተለመደው መንገድ ከታከሙት 47 በመቶ ከስድስት ወር በኋላ ያለ ከባድ ጉዳት በሕይወት ተገኙ። ወጪው ግን ከእጥፍ በላይ ነበር። በደህና ጤንነት ለሚኖር ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት 19,000 ፓውንድ ገደማ ተሰልቶ «ያዋጣል» ተባለ። ከፋዩ መንግሥት ነዋ! እዚህ ከፋዩ ቤታችሁ ነው። ደግሞም ከተላኩት 90 ሰዎች መሣሪያው የተገጠመላቸው 68 ብቻ ነበሩ፤ ከቀሩት አብዛኞቹ ያለ እርሱ ተሻሻሉ። ደላላ ከመጥራታችሁ በፊት ሐኪሙን «በረራውን ይችለዋል?» በሉት።

ከኮዬ ፈጬ፦ ባለቤቴ ከሆስፒታል ወጣ። ጎረቤት ካዋጣልን የተረፈውን ብር ልንመልስ ነው።

እባክዎ ይቆዩ። እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣ የካናዳ ጥናት፣ ሳንባቸው ክፉኛ ተጎድቶ ከተረፉት ሕመምተኞች መካከል በዓመቱ ሥራ ላይ የተገኙት ግማሽ ያህሉ ናቸው፤ ሳንባው ሲያገግም ጡንቻ ወደ ኋላ ይቀራል። ቤታችሁ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ሊፍት የሌለው ከሆነ ደግሞ በዚያ ብር ለጥቂት ወራት ምድር ቤት ተከራዩ።