መልስ፦ የዛገውን የልጅነት ቢኤምኤክስ ስለማጽዳት

የልጅነት ቢኤምኤክስህ (ትንሿ የዝላይ ብስክሌት) ክሮሙ፣ ማለትም የሚያብረቀርቀው የብረት ልባስ፣ ዝጓልና እንዴት ላጽዳው ብለሃል። ቀለም አትቀባው። የክሮሙ ዝገት በአሉሚኒየም ፎይል ይለቃል። ፎይሉን ጨምድደህ ውሃ ውስጥ ንከርና በቀስታ እሸው። ጥቁር ጭቃ መሳይ ነገር ሲወጣ ዝገቱ እየለቀቀ ነው። ጠርገህ በደንብ አድርቀው፣ ከዚያ ሰም ቀባው። ክሮሙ ራሱ ተልጦ ከሆነ ግን ፎይል አይመልሰውም። ብርጭቆ ወረቀት እንዳታስነካው፣ ይቧጭረዋል። የደበዘዙትን ስቲከሮችም ተዋቸው፤ የልጅነትህ ብስክሌት መሆኑ የሚታወቀው በእነሱ ነው።

አንድ ነገር ከልምድ ልንገርህ። 20 ኢንች ጎማ ላይ ስትወጣ ያ ሁሉ ዝላይ ትዝ ይልሃል፣ እጅህ ዝም አይልም። ስለዚህ ከመንዳትህ በፊት ፍሬሙ ከመሪው ቱቦ ጋር የተበየደበትን ቦታ፣ በተለይ ከታች በኩል፣ በባትሪ እያበራህ እየው። እንደ ፀጉር የቀጠነ የዝገት መስመር ካየህ ስንጥቅ ሊሆን ይችላል። አትንዳው፤ መጀመሪያ ለጥሩ በያጅ አሳየው።