መልስ፦ እህትሽን በጭምብል ያየሽበት ህልም

ሟርት አይደለም። እህትሽ ሐረር ሸዋ በር ላይ ጭምብል አጥልቃ፣ ላውልቅ ስትል እምቢ ሲላት ማየትሽ ክፉ ይደርስባታል ማለት አይደለም። ህልም ላይ ጭምብል ብዙ ጊዜ ለሰው የምናሳየው ፊት ነው። የስዊዘርላንዱ የሥነ ልቦና ሐኪም ካርል ዩንግ ይህን ፊት «ፐርሶና» ብሎታል፤ ቃሉ በላቲን የቲያትር ጭምብል ነው። አልወልቅ ማለቱ ያንን ፊት መሸከም የከበደው ሰው አለ ማለት ሊሆን ይችላል። ምናልባት አንቺው ራስሽ።

1. ፍቺ ከመፈለግሽ በፊት ስሜትሽን ጻፊ። ፈራሽ ወይስ አዘንሽላት? ለእኔ ከጭምብሉ መልክ ይልቅ ይሄ ይበልጣል።

2. ሰሞኑን «ደህና ነኝ» እያልሽ የዋጥሽው ነገር ካለ እሱን አስቢ።

አንድ ነገር ግን አደራ። «ምን ደብቀሽኛል?» ብለሽ እንዳታፋጥጫት። እኔ ድሬዳዋ ከዚራ ሳለሁ ጎረቤቴን በህልሜ በጭምብል አየሁና ሁለት ወር ዘጋኋት። ልጇን ልካ «ቡና ፈልቷል» ስትለኝ በሩን ገርበብ አድርጌ «ራሴን አሞኛል» እላለሁ። ለካ ባሏ ታሞባት የምታዋየው ሰው ፈልጋ ነበር። እስከዛሬ ይቆጨኛል።

ዛሬ ማታ ደውይላት። ህልሙን ሳታነሺ እንዴት እንደሆነች ብቻ ጠይቂያት።