ብቻዬን ወደ ባሕር ዳርቻ፦ ስለ ወፎች፣ ስለ አቆስጣዎችና ስለ ኤሊዎች ጠይቁኝ

ሞገዴ፦ በየግሉ የምትጽፉልኝ ስለበዛችሁ ለሁላችሁም እዚሁ ልመልስ። ከመጀመራችን በፊት ግን ሁለት ነገር ያዙልኝ። ባሕሩ በየቀኑ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚሞላና እንደሚጎድል የሚያሳየውን ሰንጠረዥ ሳያይ የሚወጣ ሰው እኔን ባይጠይቀኝ ይሻላል። ስንት ሰዓት ላይ እንደሚመለስ ለአንድ ሰው ሳይናገር የሚሄድም እንደዚያው። እነዚህን ሁለቱን ደጋግሜ እጽፋቸዋለሁ፣ ሰለቸን እንዳትሉኝ።

ጀማሪው፦ ጋሽ ሞገዴ፣ ጥሩ ቦታ የት ነው?

ሞገዴ፦ ለምኑ? ፔንግዊን ለማየት ነው? ዓሣ ነባሪ ነው? ኤሊ ነው? በየትኛው ወር? እሱን ሳትነግረኝ ምን ልበልህ?

ፌቨን፦ ሰንጠረዡን ከፍቼ ሙላቱ ስንት ሰዓት ላይ እንደሆነ አየሁ። ከዚያስ? ጭቃው ላይ የሚለቅሙትን ወፎች ለማየት መቼ ልድረስ?

ሞገዴ፦ ጥያቄ ማለት ይሄ ነው! በአብዛኛው ዳርቻ ባሕሩ በ24 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ገደማ ውስጥ ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ስለዚህ የዛሬው ሙላት ነገ 50 ደቂቃ ያህል ዘግይቶ ይመጣል፤ የትናንቱን ሰዓት ይዞ መሄድ አይሠራም። ውሃው ሲሸሽ ጭቃው እስከ አድማስ ይዘረጋል፣ ወፎቹም ትልና ቀንድ አውጣ ለመልቀም እዚያ ሁሉ ላይ ይበተናሉ። በዚያ ሰዓት ከደረስሽ የምታዪው ነጥብ ነጥብ ብቻ ነው። ውሃው ሲመለስ ግን የሚቆሙበት መሬት እየጠበበ ይሄዳል፤ እየተገፉ ወደ አንቺ ይመጣሉ። ሙላቱ ጫፍ ከመድረሱ ሁለት ሰዓት ያህል ቀድመሽ ከፍ ያለና መውጫ ያለው ቦታ ፈልገሽ ቁጭ በይ። አንቺ ወደ እነሱ አትሂጂ፣ ባሕሩ ራሱ ያመጣልሻል።

ሙላቱ ጫፉ ላይ ሲደርስ አንድ ቦታ ተጠጋግተው ያርፋሉ፣ ግማሾቹም ይተኛሉ። ለፎቶ ብሎ ያን ጊዜ ማስነሣት ነውር ነው። ለረጅም በረራ ያጠራቀሙትን ስብ ነው የምታስጨርሺያቸው።

አሁን ሰው የሚያዝበትን ነገር ስሚ። ሙላቱ እኩል እየጨመረ አይመጣም። ከጉድለት እስከ ሙላት ያለውን ስድስት ሰዓት ገደማ ውሰጂና የውሃውን ጠቅላላ ከፍታ 12 ቦታ ክፈዪው። በመጀመሪያው ሰዓት አንድ እጅ ይገባል፣ በሁለተኛው ሁለት፣ በሦስተኛው ሦስት፣ በአራተኛው ሦስት፣ በአምስተኛው ሁለት፣ በመጨረሻው አንድ። በመካከሉ ባሉት ሁለት ሰዓታት ብቻ ግማሹ ውሃ ይገባል ማለት ነው። ሰውየው የመጀመሪያውን ሰዓት አይቶ «ቀስ እያለ ነው» ብሎ ይዘናጋል፤ ከኋላው ያለው ዝቅ ያለ ቦይ ግን ፊቱ ካለው አሸዋ ቀድሞ ይሞላል። ዞር ሲል መመለሻ የለም።

በአዲስ ጨረቃና በሙሉ ጨረቃ ሰሞን ልዩነቱ ይሰፋል፣ በግማሽ ጨረቃ ሰሞን ይጠባል። ቦታም ይለያያል። በካናዳ በፈንዲ ባሕረ ሰላጤ በሙላትና በጉድለት መካከል ያለው ከፍታ እስከ 16 ሜትር ይደርሳል፤ በአብዛኛው የሜዲትራኒያን ዳርቻ ደግሞ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሰንጠረዡ የሌላ ወደብ እንዳይሆን ተጠንቀቂ። ነፋስ ከባሕር ወደ ምድር ሲነፍስም ከተጻፈው በላይ ሊሞላ ይችላል።

ባለ ሌንሱ፦ የትኛውን ካሜራ ልግዛ?

ሞገዴ፦ ካሜራ ሌላ ሰው ጠይቅ። ባይናኩላር (የሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር) ከሆነ ስምንት እጥፍ የሚያጎላ፣ የፊት መስተዋቱ 42 ሚሊ ሜትር የሆነ ይበቃሃል። አሥር እጥፍ የሚያጎላውን በባሕር ነፋስ ውስጥ በእጅ ይዞ ማረጋጋት ከባድ ነው።

ዓለሙ፦ ይቅርታ ጋሼ፣ እኔ ግን ብቻ መሄድን እንደ ጀብዱ ማውራቱ አይዋጥልኝም። ሁለት ሰው ቢሆን አንዱ ቢወድቅ አንዱ ይጠራል። ለምን ታበረታታላችሁ?

ትዕግሥት፦ ዓለሙ፣ በቡድን ሄደህ ታውቃለህ? አንዱ ያወራል፣ አንዱ ይቸኩላል፣ አንዱ «በቃ አየን» ይላል። ወፏ ከመምጣቷ በፊት ሁሉም ተነሥቷል።

ዓለሙ፦ ለወፍ ብሎ መሞት ነው እንግዲህ።

ትዕግሥት፦ ማን ሞተ? ሰውየው ሰንጠረዥ እዩ፣ ለሰው ንገሩ እያለ አይደል?

አሸናፊ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ።

ዓለሙ፦ ሁለታችንም ልክ ልንሆን አንችልም አሸናፊ።

ሞገዴ፦ እንደ ልባችሁ ተከራከሩ፣ እኔ ግን ብቻውን ለሚሄደው ነው የምመልሰው። ብቻህን ከሆንክ ጥንቃቄው እጥፍ ነው፦ የምትሄድበትን መንገድና የምትመለስበትን ሰዓት ለአንድ ሰው ጻፍለት፤ ያ ሰዓት ካለፈ ለማን እንደሚደውልም ንገረው። የዚያን አካባቢ የባሕር ነፍስ አድን ቁጥር ከመውጣትህ በፊት ስልክህ ላይ መዝግብ። ስልኩን ውሃ የማይገባው ከረጢት ውስጥ አድርገው፣ ፊሽካም አንገትህ ላይ እሰር። በደቂቃ ስድስት ጊዜ ተነፍቶ አንድ ደቂቃ ቆሞ የሚደገም ፉጨት የእርዳታ ጥሪ ነው።

ሚሚ፦ ብቻዋን ለምትጓዝ ሴት ማረፊያ ምን ዓይነት ይሻላል?

ሞገዴ፦ እህቴ፣ ይሄን ከእኔ ይልቅ ሴቶቹ ቢመልሱልሽ ይሻላል።

ትዕግሥት፦ ሚሚዬ፣ እኔ በብርሃን የምደርስበትን ማረፊያ ነው የምመርጠው። የመጀመሪያውን ቀን እንስሳ አልፈልግም፤ መንገዱን በቀን ሄጄ አይቼ እመለሳለሁ። ያለሁበትንም ቦታ ከሄድኩበት በኋላ ነው የምለጥፈው እንጂ እዚያው እያለሁ አይደለም።

አሸናፊ፦ የባሕር አቆስጣ (ሲል የሚሉት) ግልገል ብቻዋን አሸዋ ላይ ተኝታ ባገኝስ? እናቷ ጥላት ሄዳ ከሆነ ወደ ውሃው ብመልሳት አይሻልም?

ሞገዴ፦ አይሻልም! እናትየው አብዛኛውን ጊዜ ምግብ ፍለጋ ባሕር ገብታ ነው፣ ትመለሳለች። አንተ አጠገቧ ቆመህ ከሆነ ግን ፈርታ ላትወጣ ትችላለች፤ ያን ጊዜ እውነትም የተጣለች ግልገል አደረግካት። አትንካ፣ ውሃ አታፍስስባት፣ ወደ ባሕር አትግፋ። ራቅ ብለህ አካባቢው ላይ ላሉ የዱር እንስሳት ሠራተኞች ደውል። አሜሪካኖቹ ለአቆስጣ ቢያንስ 45 ሜትር ያህል ራቁ ይላሉ። እኔ ሜትር ከመቁጠር አንገታቸውን አያለሁ፦ ቀና ብለው ወዳንተ ካዩ በጣም ቀርበሃል፣ ወደ ኋላ ተመለስ። መንጋው ደንግጦ በአንዴ ወደ ውሃ ሲሮጥ ግልገሎቹ ይረገጣሉ።

ዓለሙ፦ በካሊፎርኒያ አኞ ኑዌቮ የሚባለው ቦታ ዝሆኔ አቆስጣዎቹ በሚዋለዱበት የቅዝቃዜ ወራት ያለ አስጎብኚ አያስገቡም። ብቻ መሄድ እዚያም አይሠራም።

ሞገዴ፦ ትክክል ነው፣ እኔም እዚያ በአስጎብኚ ሂዱ ነው የምለው። ወንዱ ሁለት ቶን ይመዝናል፣ አሸዋ ላይም ካሰብከው በላይ ይፈጥናል።

ሚሚ፦ ዓሣ ነባሪስ?

ሞገዴ፦ ደቡብ አፍሪካ፣ ሄርማነስ። ከሰኔ እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ከገደሉ ላይ ቆመሽ ታያቸዋለሽ። ስለ ጀልባ አትጠይቁኝ፣ ጀልባ አልወድም።

ጀማሪው፦ ጋሽ ሞገዴ፣ የትኛውም እንስሳ ቢሆን ግድ የለኝም። ብቻ ጥሩ ቦታ ጠቁሙኝ።

ሞገዴ፦ ወሩን አልነገርከኝም። ቀጣይ።

ባለ ሌንሱ፦ እውነት ለመናገር እነዚያ ቡናማ ትንንሽ ወፎች ሁሉም አንድ ናቸው። ሰው ያን ያህል ርቀት ሄዶ ለምን እነሱን ያያል?

ሞገዴ፦ ይሄን መጠየቅህ ጥሩ ነው፣ ቁጭ በል። ጎድዊት የሚባል ወፍ አለ፣ ጭራው ባለ መስመር። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 የሳተላይት ምልክት የታሰረለት፣ ዕድሜው አምስት ወር ገደማ የሆነ አንድ ጎድዊት ከአላስካ ተነሥቶ ታዝማኒያ አረፈ። 13,560 ኪሎ ሜትር፣ 11 ቀን፣ አንዴም ሳያርፍ። ውሃ ላይ ተንሳፎ የሚያርፍ ወፍ አይደለም፣ ስለዚህ መሐል ላይ ቢደክመው ማረፊያ የለውም። መንገዱንም ከዚያ በፊት አይቶት አያውቅም። ከመነሣታቸው በፊት ስብ ያጠራቅማሉ፣ የምግብ መፍጫ አካላቸው ደግሞ ሸክም እንዳይሆን ይኮማተራል። ያንተ «ቡናማ ትንሽ ወፍ» ይሄ ነው።

እንዲህ ያሉት ተሰብስበው የሚታዩባቸው ቦታዎች አሉ። ሞሪታኒያ ውስጥ ባንክ ዳርገን የሚባለው ዳርቻ ላይ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ይከርማሉ። በሆላንድ፣ በጀርመንና በዴንማርክ ዳርቻ የተዘረጋው የቫደን ባሕርም አለ፤ እዚያ ጭቃው ላይ በእግር መግባት በመሪ ነው፣ በራስህ አትሞክረው። ኦማን ባር አል ሂክማን ደግሞ ክራብ ፕሎቨር የሚባለውን ታያለህ፦ ነጭና ጥቁር፣ ምንቃሩ ወፍራም፣ ሸርጣን የሚበላ። ይህ ወፍ በሚራባባቸው ዳርቻዎች አሸዋ ውስጥ ዋሻ ቆፍሮ አንድ ነጭ እንቁላል ይጥላል፣ አብዛኛውን ሙቀት የሚሰጠው አሸዋው ነው። ለዚህ ነው የአሸዋ ጉብታ ላይ መራመድ የማይገባው፤ ከእግርህ ሥር ጎጆ ሊኖር ይችላል።

ባለ ሌንሱ፦ እሺ፣ ተሸነፍኩ።

አሸናፊ፦ ጭቃ ውስጥ እግሬ ቢሰምጥስ?

ሞገዴ፦ መጀመሪያ ሰንጠረዡን አይተሃል? ምክንያቱም ጭቃው ብቻውን አይገድልም፣ ተይዘህ ሳለ የሚመጣው ውሃ ነው። ከሰመጥክ አትታገል፣ እግርህን በጉልበት ወደ ላይ አትንቀል። ሻንጣህን ጣል፣ ወደ ኋላ ተቀመጥ ወይም ተንጋለል፣ ክብደትህ ይስፋ። ከዚያ አንዱን እግር ቀስ እያልክ ወዲያና ወዲህ አነቃንቀው፣ በጎኑ ውሃ ሲገባ ይለቅቃል። በመጣህበት በኩል በደረትህ ተሳብ። ደግሞም ቶሎ ደውል፣ አትፈር።

ፌቨን፦ ኤሊ እንቁላል ስትጥል ማየት እፈልጋለሁ። በባትሪ ብርሃን ይቻላል?

ሞገዴ፦ ነጭ ብርሃን አይቻልም፣ ፍላሽም አይቻልም። ከባሕር ስትወጣ ብርሃን ካየች ሳትጥል ልትመለስ ትችላለች። ጫጩቶቹም ከአሸዋ ሲወጡ የሚከተሉት የባሕሩን አድማስ ብርሃን ነው፤ ያንቺ ባትሪ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይወስዳቸዋል። መጣል እስክትጀምር ራቅ ብለሽ ጠብቂ፣ ከዚያ በኋላም ከኋላዋ እንጂ ከፊቷ አትቅረቢ። በአካባቢው የኤሊ ጠባቂዎች ካሉ ከእነሱ ጋር ውጪ፣ በራስሽ አትዙሪ።

ትዕግሥት፦ ሴት ወይም ወንድ መሆናቸውን የሚወስነው የአሸዋው ሙቀት ነው፣ አይደል? ሞቃት ሲሆን ሴት ይበዛል።

ሞገዴ፦ አዎ፣ ልክ ነሽ።

ዓለሙ፦ ዳርቻ ላይ የሞተ ወፍ ባገኝ ላንሣው? ተመራማሪዎች እግሩ ላይ የሚያስሩት የቀለበት ቁጥር ካለው ይጠቅማል ይባላል።

ሞገዴ፦ አታንሣ! ቁጥሩ ከታየህ በባይናኩላር አንብበህ ጻፈው፣ እጅህን ግን አታስገባ። የወፍ ጉንፋን ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 አርጀንቲና፣ ቫልዴስ ልሳነ ምድር ላይ ከ17,000 በላይ የዝሆኔ አቆስጣ ግልገሎች ጨርሷል። የሞተም ሆነ የታመመ የሚመስል ወፍ፣ አቆስጣም ቢሆን፣ አትንኩ፤ ለሚመለከተው አሳውቁ።

ሚሚ፦ ዛጎል መልቀምስ?

ሞገዴ፦ በሞቃት ባሕሮች ዳርቻ የኮን ቅርጽ ያለውን አትንኪ። ውስጡ ሕይወት ካለ በመርዛማ ጦሩ ይወጋል፣ ሰው ገድሏል።

አሸናፊ፦ ድሮን ይዤ ልሂድ?

ሞገዴ፦ አይ።

አሸናፊ፦ ከሩቅ ቢሆንስ?

ሞገዴ፦ አይ አልኩህ እኮ። ከላይ የሚመጣ ነገር ለእነሱ አዳኝ አሞራ ነው። ጎጆ ላይ ያለች ወፍ ስትነሣ እንቁላሉን ፀሐይና ዘራፊ ወፍ ያገኘዋል።

ጀማሪው፦ እሺ፣ ፔንግዊን። በየካቲት።

ሞገዴ፦ ተባረክ። በኬፕታውን አጠገብ ቦልደርስ ዳርቻ ሂድ፣ የእንጨት መተላለፊያ አለ፣ ከሱ አትውረድ። የአፍሪካ ፔንግዊን እ.ኤ.አ. በ2024 እጅግ አሳሳቢ በሆነ የመጥፋት አደጋ ላይ ያለ ተብሎ ተመድቧል። ላባው ተዘበራርቆ፣ ደርቆ የቆመ ካየህ ታሟል ብለህ አትቅረበው፤ ላባ እየቀየረ ነው። ሦስት ሳምንት ያህል ውሃ አይገባም፣ ስለዚህ አይበላም፤ ባስሮጥከው ቁጥር ያለውን ጉልበት ያባክናል።

ጀማሪው፦ የሙላት ሰንጠረዥ እዚያም ያስፈልጋል?

ሞገዴ፦ መተላለፊያው ላይ ከቆየህ አያስፈልግም። ከወረድክ ግን... አትወርድም ብዬሃለሁ።

ባለ ሌንሱ፦ የመጨረሻ ከእኔ። ልብሴ ምን ዓይነት ቀለም ይሁን?

ሞገዴ፦ ደብዘዝ ያለ ይሁን፣ ግን ቀለም ላይ አትጨነቅ። ዋናው አለመንቀሳቀስህና ከኋላህ ያለው ነገር ነው። ጉብታ ጫፍ ላይ ሰማይን ጀርባ አድርገህ ከቆምክ ምንም ብትለብስ ከሩቅ ታይተሃል፤ ወረድ ብለህ ድንጋይ ወይም ሣር ወደ ጀርባህ አድርግ። የዝናብ ልብስህ ስትንቀሳቀስ የሚንሿሿ ከሆነ ደግሞ ሌላ ቀይር።