«ቢያንስ» ሲል ምልክቱ ወዴት ይዞራል?

እህቴ፣ 8ኛ ክፍል ያለው ወንድምሽ ያለእኩልነት (በ= ፈንታ እንደ ≤ እና ≥ ያለ ምልክት ያለበት ሒሳብ) በምልክት ተጽፎ ሲሰጠው ይሠራል፣ በቃላት ሲመጣ ግን ይጠፋበታል ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ ደብረ ማርቆስ የሰፈር ልጆችን ሒሳብ አስጠናለሁ። የብዙዎቹ ችግር ይኸው ነው። ስሌቱን ያውቁታል፤ የሚይዛቸው ዓረፍተ ነገሩ ነው።

መጀመሪያ «ቢያንስ» እና «ቢበዛ» ላይ ጊዜ ስጡ። ልጆች «ቢያንስ» ሲባል ማነስ ይሰማቸውና ≤ (ያንሳል ወይም እኩል ነው) ይጽፋሉ፤ «ቢበዛ» ሲባል ደግሞ ≥ (ይበልጣል ወይም እኩል ነው)። ልክ ተገላቢጦሹ ነው። ስለዚህ ምልክቱን ከቃሉ ከመፈለግ ቁጥር አስገብቶ ይሞክር። «ቢያንስ 50 ማምጣት አለብህ» ከተባለ 49 ይበቃል? አይበቃም። 50ስ? ይበቃል። 80? እሰየው። እንግዲህ ውጤቱን ሀ ካልነው ሀ ≥ 50 ነው። ከሦስቱ ዋናው መካከለኛው ነው፤ ከምልክቱ ሥር ያለችው ሰረዝ ትኑር አትኑር የሚወስነው እሱ ነው። «ከ50 በላይ» ቢል ኖሮ ራሱ 50 ስለማይገባ ሰረዟ ትቀር ነበር።

መቀነስም ያደናግራል። «ከአንድ ቁጥር 8 ሲቀነስ» ሀ − 8 ነው። «አንድ ቁጥር ከ8 ሲቀነስ» ግን 8 − ሀ። «ከ» ያለበት ቀድሞ ይጻፋል፣ በቃ።

አሁን አንድ ሙሉ ጥያቄ እንሥራ። ከገጠር መጥቶ ማርቆስ ቤት ተከራይቶ የሚማር ልጅ 1200 ብር ይዟል። በሳምንት 150 ብር ያወጣል። ለኪራይ ቢያንስ 300 ብር ሊተርፈው ይገባል። ቢበዛ ስንት ሳምንት ያቆየዋል? ሳምንቱን ሀ እንበለው።

1200 − 150ሀ ≥ 300
−150ሀ ≥ −900
ሀ ≤ 6

መጨረሻ ላይ ምልክቱ የዞረው በኔጌቲቭ ቁጥር ስላካፈልን ነው። ለምን ይዞራል ካለሽ፣ 2 ከ5 ያንሳል፤ −2 ግን ከ−5 ይበልጣል። ይህን በቁጥር መስመር ላይ አሳዪው፣ እንዲሁ «ይዞራል» ብሎ ከሸመደደው ፈተና ላይ ይረሳዋል። ለጀማሪ እኔ የምመርጠው ግን 150ሀን ወደ ቀኝ፣ 300ን ወደ ግራ ማሻገር ነው፤ 900 ≥ 150ሀ ይሆናል፣ የሚዞር ነገር የለም፣ መልሱ ያው ነው። ከዚያ በ7 ይፈትሽ፦ 1050 ብር ወጥቶ 150 ብቻ ይቀራል፣ ኪራዩ አይሞላም።

መልሱ ሙሉ ቁጥር ካልመጣም ወደ ታሪኩ ይመለስ። መኪናው ከ50 ኩንታል በላይ አይጭንም፣ 14 ኩንታል በቆሎ ተጭኗል፣ እያንዳንዱ ገበሬ 5 ኩንታል ጤፍ ያመጣል እንበል። 5ሀ + 14 ≤ 50፣ ስለዚህ ሀ ≤ 7.2። 7.2 ገበሬ የለም፤ 8 ቢሆኑ 54 ኩንታል ይሆናል። መልሱ 7 ነው።

የሚቸገርበትን ጥያቄ ፎቶ አንስተሽ እዚህ ለጥፊው፣ አብረን እናየዋለን።