ሁለት ጆሮ፣ ሁለት ድምፅ፦ ስለ ባይኖራል ቢት ለጠየቃችሁኝ

ስለ ባይኖራል ቢት የገባችሁንም ያልገባችሁንም ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው ከደብረ ብርሃን፣ ከመንዝ፣ ከሸዋ ሮቢት፣ ከዓለም ከተማም ጎረፈ። እኔ ፊዚክስ አስተምራለሁ፣ ክራር እደረድራለሁ። ማታ ማታ ደግሞ ጋቢዬን ተከናንቤ ዝም ብሎ መቀመጥ ደስ ይለኛል። ጉዳዩ በሦስቱም በኩል ይነካኛልና በደስታ ነው የምመልሰው። የሚመሳሰሉትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

መምህር፣ ከሥሩ ይጀምሩልን። ባይኖራል ቢት የሚሉት ምንድን ነው? (ደብረ ብርሃን)

በግራ ጆሮህ 200 ሄርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 200 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ ይገባል እንበል። በቀኝህ ደግሞ 206። ሁለቱም ወጥ ድምፆች ናቸው፤ ከፍም ዝቅም አይሉም። አንተ የምትሰማው ግን ሌላ ነው። አንድ ድምፅ በሰከንድ 6 ጊዜ እየጎላና እየሳሳ ሲወዛወዝ ይሰማሃል። ያ ውዝዋዜ ፋይሉ ውስጥ የለም፣ ኤርፎኑም ውስጥ የለም። የሚፈጠረው ጭንቅላትህ ውስጥ ነው።

ከሁለቱ ጆሮ የሚመጣው መልእክት መጀመሪያ የሚገናኘው የአንጎል ግንድ ላይ ነው። ድምፅ ከግራ ይምጣ ከቀኝ የምንለየውም እዚያ በሚጀምር ንጽጽር ነው። ሁለቱ ድምፆች በትንሹ ሲለያዩ ያው ንጽጽር ልዩነቱን እንደ ምት ያሰማናል።

ክራር የሚቃኝ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል። ሁለት ክሮች ሊገጥሙ ትንሽ ሲቀራቸው ድምፁ ው... ው... ው... ይላል። ክሩን ስታጠብቀው ውዝዋዜው እየዘገየ ይመጣል፣ ሲገጥሙ ይጠፋል። ግን የክራሩ ምት አየር ላይ የተፈጠረ ስለሆነ በአንድ ጆሮም ይሰማል። ይሄኛው ሞኖራል ቢት ይባላል። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፣ በኋላ እንፈልገዋለን።

ነገሩን መጀመሪያ ያስተዋለው የፕሩሲያው የፊዚክስ ሊቅ ሃይንሪክ ቪልሄልም ዶቬ ነው፤ ጊዜው እ.ኤ.አ. 1841 ገደማ ነው። ለረጅም ዘመን የቤተ ሙከራ ጉዳይ ሆኖ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1973 ጄራልድ ኦስተር የሚባል ተመራማሪ እንደገና አነሳውና የብዙ ሰው ዓይን ሳበ። በዚያው አሥርት ዓመት አሜሪካዊው ሮበርት ሞንሮ ሄሚ ሲንክ ብሎ ለተመስጦ የሚሆኑ ቅጂዎችን አዘጋጀ። ዛሬ ዩቲዩብን ያጥለቀለቀው ነገር የዚያ ተከታይ ነው።

በስልኬ ድምፅ ማጉያ ከፍቼ ብተኛስ? (ደብረ ሲና)

ያኔ ባይኖራል አይሆንም። ሁለቱ ድምፆች አየር ላይ ይቀላቀላሉ፤ ሁለቱም ጆሮህ ሁለቱንም ይሰማል። ኤርፎን ግድ ነው። ውድ መሆን የለበትም፤ ሱቅ የሚሸጠው ተራ ባለሽቦ ይበቃል። ግራና ቀኙ ይሥራ እንጂ።

ጓደኛዬ በቴሌግራም ላከልኝ፣ ትክክለኛው መሆኑን በምን ልወቅ? (መሀል ሜዳ)

ቀላል ነው። እየሰማህ አንዱን ኤርፎን ከጆሮህ አውጣ። ውዝዋዜው ወዲያው ጠፍቶ ወጥ ድምፅ ብቻ ከቀረ፣ ባይኖራል ነው። በአንድ ጆሮም እየተወዛወዘ ከቀጠለ አይደለም።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ ሰው ከሌላ ስልክ እያጫወተ በቮይስ መልእክት ይቀዳውና ይልካል። ግራና ቀኙ እዚያው ይደባለቃል። በኦዲዮ ፋይልነት ይላክልህ። ሁለተኛው፣ ስልክህ ሴቲንግ ውስጥ አክሰሲቢሊቲ የሚባል ክፍል አለ፤ እዚያ ሞኖ ኦዲዮ በርቶ ከሆነ አጥፋው።

ከዳታ ፓኬጅ አንጻርም አንድ ነገር ልበል። የ8 ሰዓት ቪዲዮ ከፍቶ ማደር ገንዘብ መበተን ነው። 20 ደቂቃ የሚሆን ኤምፒ3 በተለመደው 128 ኪሎቢት ጥራት 19 ሜጋባይት ገደማ ነው። አንዴ አውርደው፤ ኔትወርክ ቢጠፋም አንተ ጋ አለ።

አልፋ፣ ቴታ፣ ዴልታ የሚሉት ነገር ግራ አጋባኝ። (እነዋሪ)

የአንጎል ሞገድ በኢኢጂ መሣሪያ ይለካል። ከባድ እንቅልፍ ላይ ቀርፋፋው ዴልታ ይበዛል፤ በሰከንድ ከ4 በታች ነው። ቴታ ከ4 እስከ 8፣ እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርገን ይታያል። ዓይን ጨፍኖ ዘና ሲባል አልፋ ይጎላል፤ ከ8 እስከ 13። ቤታ ከዚያ በላይ እስከ 30፣ ነቅተን ስንሠራ ነው። ፋይሉ ላይ "ቴታ 6 ሄርዝ" የሚለው በግራና በቀኝ መሀል ያለውን ልዩነት ነው። ድምፁ ራሱ 6 ሄርዝ አይደለም፤ 6 ሄርዝ ሰው አይሰማውም። መነሻ ድምፁ ከ1000 ሄርዝ በላይ ሲሄድ ምቱ እየደከመ ይጠፋል። ለዚህ ነው ፋይሎቹ ሁሉ ወፍራም ድምፅ ያላቸው።

ታዲያ አንጎላችን ያንን ምት ተከትሎ ይሄዳል? እውነቱን ይንገሩን። (ደብረ ብርሃን፣ ዓለም ከተማ፣ ሸዋ ሮቢት)

ከሁሉም በላይ የጠበቅኩት ጥያቄ ይሄ ነው። ምቱ መሰማቱ የተረጋገጠ ነው። አንጎል በጠቅላላው በዚያ ምት ይጎተታል የሚለው ግን አልተረጋገጠም። ሻጮቹ ሁለቱን አንድ አድርገው ያቀርቡልናል፤ እኔን የሚያንገበግበኝም ይሄ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ አንድ የጥናቶች ግምገማ በዚሁ ጥያቄ ላይ የተሠሩ 14 ጥናቶችን መርምሯል። 5ቱ "አዎ፣ ይከተላል" የሚል ውጤት አገኙ። 8ቱ አላገኙም። አንዱ የተደባለቀ ነው። በ2020 ካናዳ ሞንትሪያል ውስጥ የተሠራ ጥናት ደግሞ ባይኖራሉን ከሞኖራሉ፣ ማለትም ከክራሩ ዓይነት ምት ጋር አወዳደረ። ሁለቱም አንጎልን በትንሹ አስከትለዋል፤ ተራው ሞኖራል በለጠ። የሰዎቹን ስሜት ግን አንዱም አልለወጠም።

በሌላ በኩል ደግሞ ይህን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ የእንግሊዝ ጥናት ቀዶ ሕክምና የሚጠብቁ ሰዎችን ለሦስት ከፈለ። ባይኖራል ምት ያለበትን ድምፅ የሰሙት ጭንቀታቸው በመለኪያው 26.3 በመቶ ቀነሰ። ያው ድምፅ ያለ ምቱ የተሰጣቸው 11.1 በመቶ፣ ምንም ያልሰሙት 3.8 በመቶ። ይህን ውጤት አልንቀውም። ቀዶ ሕክምና የሚጠብቅ ሰው ፍርሃቱ በሩብ ቢቀንስለት ትልቅ ነገር ነው።

ስለዚህ የእኔ ፍርድ ይሄ ነው። ለጭንቀት ማርገቢያ ሊያግዝ ይችላል፤ በኋላ ተጠንቀቁ ከምላቸው ሰዎች በቀር መሞከሩም አይጎዳም። አንጎልን እንደ ሬዲዮ ጣቢያ እየቀየረ "ወደ ቴታ ያስገባል" የሚለውን ግን አትቀበሉ። 20 ደቂቃ ስልክ ሳይነኩ፣ ዓይን ጨፍኖ፣ ቀስ ብሎ እየተነፈሱ መቀመጥ ብቻውን ሰውነትን ያረጋጋል። ድምፁ እዚያ ቦታ ላይ ለመቆየት የሚይዙት ነገር ይሆናል። ሐሳብ ሲበታተን ወደ ውዝዋዜው ይመለሳሉ። ለእኔ የሚሠራው እንዲህ ነው።

ልጄ፣ ይሄ ነገር ከባዕድ አምልኮ ጋር አይነካካም? የልጅ ልጆቼ ጆሯቸው ላይ ሰክተው ዓይናቸውን ሲጨፍኑ ሳይ ልቤ ይፈራል። (ከመንዝ አንዲት እናት)

እማማ፣ መጠየቅዎ ተገቢ ነው። ድምፁ ራሱ ሁለት ወጥ ድምፅ ነው፤ ምንም የተደበቀ ነገር የለበትም። ጥንቃቄ የሚያሻው አብሮት በሚመጣው ንግግር ነው። አንዳንዱ ፋይል ላይ "ከሥጋህ ውጣ፣ መንፈስ ጥራ" የሚል ይኖራል። ያንን ልጆቹ እንዳይሰሙ ይንገሯቸው። ንግግር የሌለበትን ይምረጡ። የጸሎት ሰዓት ደግሞ የጸሎት ነው፤ እዚያ ላይ ኤርፎን ባይኖር እመርጣለሁ። ከዚህ ያለፈውን የንስሐ አባትዎን ቢያማክሩ ከእኔ የተሻለ ይነግሩዎታል።

በዐቢይ ጾም በገና ስሰማ ልቤ ጸጥ ይላል። በገናም ባይኖራል ቢት አለው? (አንኮበር)

የለውም፤ ግን ጥያቄህን ወደድኩት። የበገና እንዝርዝርታ የሚመጣው እንዚራ ከሚባሉት ትናንሽ ቆዳዎች ነው። በክሩና በብርኩማው መሀል ገብተው ክሩ ሲርገበገብ ይነካካቸዋል፣ ድምፁ ያን የሚያንዘፈዝፍ መልክ ይይዛል። 10ሩ ክር ወፍራም ነው፣ አመታቱ ዝግ ያለ ነው፣ ቃሉም ስለ ሞትና ስለ ንስሐ ነው። ልብህ ጸጥ የሚለው በዚህ ሁሉ ነው። በገና የሚያረጋጋህ ከሆነ ሌላ ፋይል ፍለጋ ለምን ትደክማለህ? እሱኑ ስማ።

ጣርማ በርን ስወርድ እየሰማሁ ብነዳስ? (ሹፌር)

በፍጹም! በዚያ ጠመዝማዛና ጉም እንቅልፍ እንቅልፍ የሚል ድምፅ ጆሮህ ላይ? የሰው ነፍስ ይዘሃል። ቤትህ ስትገባ ስማው።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ለጥናት ይረዳኛል? (ደነባ)

እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ የጥናቶች ማጠቃለያ ለትኩረትና ለማስታወስ መጠነኛ ጥቅም አግኝቶበታል። አንድ ጠቃሚ ነጥብ አለው፤ ሥራው ላይ ሆነው ብቻ ከሰሙት ይልቅ ቀድመው የሰሙት የተሻለ ውጤት አሳዩ። ስለዚህ መጽሐፍ ከመክፈትሽ በፊት 15 ደቂቃ ስሚ፣ ከዚያ ኤርፎኑን አውልቂና አጥኚ። ሌሊቱን አትሠዊ ግን። ያጠናሽው የሚጸናው ስትተኚ ነው።

አንድ ጆሮዬ አይሰማም። (ሸዋ ሮቢት)

ባይኖራሉ ለእርስዎ አይሠራም፤ ሁለት ጆሮ የግድ ይፈልጋል። ግን ምንም አልቀረብዎትም። ሞኖራሉ በአንድ ጆሮ ይሰማል፤ ቅድም እንዳልኩት በሞንትሪያሉ ጥናት አንጎልን በማስከተል የተሻለውም እሱ ነበር።

ያየሁት ነገር ሌሊት ሌሊት ይመጣብኛል። ላብ አጥምቆኝ እነቃለሁ። የትኛውን ሄርዝ ልስማ? (ስም አትጥቀሱ ያለ ወንድም)

ወንድሜ፣ ለዚህ ሄርዝ አልመክርህም። አካባቢያችን ያሳለፈውን ሁላችንም እናውቃለን፤ እንደ አንተ የሚያድር ሰው ብዙ ነው። ይሄ ድክመት አይደለም፣ ስምም ሕክምናም ያለው ችግር ነው። ቅርብህ ያለው ጤና ጣቢያ ሄደህ ለእኔ የጻፍከውን እንዳለ ንገራቸው፤ ወደ ሆስፒታል እንዲመሩህ ጠይቅ። ብቻህን አትሂድ፣ የምታምነውን ሰው ያዝ። እስከዚያው በጨለማ ውስጥ ጆሮህን ደፍነህ አትተኛ። አንዳንድ ሰው አካባቢውን መስማት ሲያቅተው ድንጋጤው ይብሳል። መብራት ወይም ፋኖስ ለኩስ፣ እግርህ መሬት ይንካ፣ ያለህበትን ክፍል ዕቃ በስሙ እየጠራህ ቁጠር። ራስህን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብህ ደግሞ እስኪነጋ አትጠብቅ፤ ሰው ቀስቅስ።

ማን መጠንቀቅ አለበት? መጠኑስ? (ብዙዎች)

የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ ባይሞክረው ይሻላል። ለሕፃናት አልመክርም፤ አያስፈልጋቸውም። የድምፁ ከፍታ ዝቅ ይበል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚለው 80 ዴሲቤል በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ነው፤ ለዕረፍት የሚሆነው ድምፅ ከዚያም በጣም ማነስ አለበት። አጠገብህ ያለ ሰው ሲያናግርህ ከሰማኸው ደህና ነህ። ራስ ምታት ወይም ማቅለሽለሽ ከመጣ አቁም።

"528 ሄርዝ ዲኤንኤ ይጠግናል" ብለው ኮርስ እየሸጡ ነው። ልክፈል? (ደብረ ብርሃን)

አትክፈዪ። 528 ሄርዝ አንድ የድምፅ ቅጥነት ነው፣ ሌላ ነገር የለውም። ዲኤንኤ ይጠግናል ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ የለም። ገንዘብሽ ለደህና ኤርፎን ይዋል።

እኔ ራሴ ልሠራው እችላለሁ? (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ)

ትችላለህ፣ በነፃ። ኦዳሲቲ የሚባለውን ፕሮግራም ላፕቶፕህ ላይ ጫን። ጀነሬት የሚለው ውስጥ ቶን አለ። መጀመሪያ 200 ሄርዝ፣ ከፍታው 0.2፣ ርዝመቱ 20 ደቂቃ አድርገህ ፍጠር። ከዚያ አዲስ ትራክ ጨምረህ 206 ፍጠር። የመጀመሪያውን ትራክ ሙሉ በሙሉ ወደ ግራ፣ ሁለተኛውን ወደ ቀኝ ግፋ። ወጥ ድምፅ ከሰለቸህ የዝናብ ድምፅ በሥሩ አስገባ። ስታወጣው ስቴሪዮ መሆኑን አረጋግጥ። 206ቱን ወደ 210 ብትቀይረው ምቱ በሰከንድ 10 ይሆናል። ለእኔ እሱ ይቀለኛል፤ አንተ ሁለቱንም ሠርተህ የሚስማማህን ያዝ።