11 ሺህ ተከታይ አለኝ፤ ትምህርቴን ልተው?

ጥያቄ፦ «የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ኢንስታግራም ላይ ግጥም መልቀቅ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። 11 ሺህ ተከታይ አለኝ። ትምህርቴን ትቼ ሙሉ ጊዜዬን ለግጥም ልስጥ? ስድስት ግጥሞቼን አያይዣለሁ።»

መልስ፦ ትምህርትሽን አትተዪ። ይቺን መጀመሪያ ልበልና ወደ ግጥሞችሽ ልግባ።

ስድስቱንም በተጻፉበት ቅደም ተከተል አነበብኳቸው። ገጹን ሳትከፍቺ በፊት የጻፍሻቸው ሁለቱ ረጃጅም ናቸው። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ይንዛዛሉ። ግን መሀል ላይ ሐሳቡ ይታጠፍና ያልጠበቅኩት ቦታ ያደርሰኛል። የቅርብ ጊዜዎቹ አራቱ ግን እኩል የተቆረጡ ይመስላሉ። ሁሉም አራት አራት ስንኝ፣ ሁሉም መጨረሻቸው ላይ «ዋው» የሚያሰኝ ነገር። ኢንስታግራም እ.ኤ.አ. በ2010 ሲጀመር የሚቀበለው ካሬ ፎቶ ብቻ ነበር። ግጥም እዚያ ሲገባ ለካሬው እንዲበቃ አጠረ። አውራ ጣት ሳያልፈው እንዲነካ ደግሞ ቶሎ የሚገባ ሆነ። ማጠሩን አልጠላሁትም። ግን ያሳጠርሽው አንቺ ነሽ ወይስ ስልኩ?

በዚህ መንገድ የተሳካላቸው አሉ። ካናዳዊቷ ገጣሚ ሩፒ ካውር የመጀመሪያ መድብሏን እ.ኤ.አ. በ2014 ራሷ አሳተመች። በማኅበራዊ ሚዲያ ያፈራቻቸው አንባቢዎች ገዙላት፣ በዓመቱ አሳታሚ ድርጅት ወሰደው፣ በሚሊዮን ቅጂ ተሸጠ። ልብ በይ፣ ገንዘቡ የመጣው ከመጽሐፉ ነው እንጂ ከላይክ አይደለም። እሷን አይቶ ትምህርት መተው ደግሞ ሎተሪ የደረሰውን አይቶ ሥራ እንደመልቀቅ ነው።

ብዙ ወጣቶች የማያውቁት አንድ ነገር አለ። ብዙ የሥነ ጽሑፍ መጽሔቶችና ውድድሮች በማኅበራዊ ሚዲያ የተለቀቀን ግጥም እንደታተመ ይቆጥሩታል፤ አይቀበሉም። ሁሉም እንደዚያ አይደሉም፣ ደንባቸውን አንብቢ። እስከዚያው ግን ምርጥ ምርጡን ደብቂ። የለቀቅሽውንም ቢሆን ቅጂውን ሌላ ቦታ አስቀምጪ። ማይስፔስ የሚባለው የድሮ ማኅበራዊ ድረ ገጽ ሰርቨር ሲያዛውር እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2015 የተጫኑ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ዘፈኖች ጠፍተውበታል። ባለቤቶቹ ያወቁት ከጠፋ በኋላ ነው።

እኔ በበኩሌ ኢንተርኔት ለገጣሚ ያመጣው ትልቁ ነገር ተከታይ አይመስለኝም። ብጤን ማግኘት ነው። ድሮ ስለ ስንኝ የሚያወራው ሰው አጥቶ የሚጽፈው ልጅ፣ ዛሬ አይቷቸው ከማያውቅ አምስት ሰዎች ጋር ረቂቅ ይለዋወጣል። ከፖስትሽ ሥር «እሳት ነሽ» የሚሉሽ ደስ ይበላቸው፣ ግን ማንም ስንኝ አላስተካከለልሽም። አንድ የማማክረው ልጅ በትንሽ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ግጥም ላከ። አንዷ «እንባን ሦስቴ ጠርተኸዋል፤ ሦስተኛው ቤት ለመምታት ብቻ የገባ ነው» አለችው። ሁለት ቀን አኮረፈ። ከዚያ ሦስተኛውን «እንባ» ሰረዘው፣ ግጥሙም ቀጥ አለ። እንዲህ የሚያስኮርፉሽ ሦስት ሰዎች ፈልጊ።

ሥራውን በተመለከተ፣ ከግጥም ብቻ ደሞዝ የሚያገኝ ሰው በጣም ጥቂት ነው። የማስታወቂያ ጽሑፍ፣ ስክሪፕት፣ ትርጉም፣ አርትዖት ግን ቀጣሪ አላቸው። አንቺ ደግሞ የትኛው የመጀመሪያ መስመር ሰው እንደሚያስቆም ሁለት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ስትሞክሪ ኖረሻል። ሲቪሽ ላይ «ገጣሚ» ብለሽ ብቻ አትለፊው። «11 ሺህ ተከታይ ያለው የግጥም ገጽ መሥርቼ አስተዳድራለሁ» በይ። ቀጣሪ ይህን ቶሎ ይረዳል።

ስለ በሩ የጻፍሽው ረጅሙ ግጥም እስካሁን አልተለቀቀም፤ አትልቀቂው። ዘጠኝ ስንኝ ቢቀነስለት ለመጽሔት ይበቃል። የትኞቹ እንደሆኑ አስምሬባቸው መልሼልሻለሁ።