ባዕድ ድራይቭ ለአሮጌው አሚጋ፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ስለ ድሮ የቤት ኮምፒውተሮች በጻፍኩ ቁጥር አብዛኛው የሚደርሰኝ ጥያቄ ስለ ፍሎፒ ድራይቭ ነው። አይገርምም። አሚጋ 500ን የመሰለ ማሽን ሃርድ ዲስክ የለውም። ድራይቩ እምቢ ካለ ስክሪኑ ላይ ዲስክ የያዘች እጅ ትመጣለች፤ ከዚያ ወዲያ ንቅንቅ የለም። አምራቹ ኮሞዶር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1994 ከስሮ ተዘግቷል (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ስለዚህ ያለው አማራጭ ሁለት ነው፤ በዘመኑ ሌሎች ድርጅቶች የሠሩትን ድራይቭ ፈልጎ ማግኘት፣ ወይም ከፒሲ የተፈታውን አስማምቶ መጠቀም። ሁለቱም ይሆናል። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፦ የሚነካካው ድራይቩ ይሁን፣ ማሽኑ አይነካ።

ጥያቄ፦ እዚህ ፍራንክፈርት ከአሮጌ ዕቃ ገበያ አሚጋ 500 ገዛሁ። ሻጩ "ኩማና" የሚል የውጭ ድራይቭ መረቀልኝ። ኮሞዶር ያልሠራውን ድራይቭ ብሰካበት ማሽኑን ይጎዳብኛል?

መልስ፦ አይጎዳም፤ እንዲያውም ጥሩ ዕቃ ነው የመረቁልዎት። ኩማና የእንግሊዝ ድርጅት ነበር፤ በ1980ዎቹ ለብዙ ዓይነት ኮምፒውተር ድራይቭ ይሸጥ ነበር። ጥንቃቄ የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው። ሳጥኑ ላይ ያለው ስም ብቻውን አይበቃም፤ የኬብሉን ጫፍ ይዩት። 23 ፒን ያለው ሰፊ መሰኪያ ከሆነ የአሚጋ ነው። ክብና 14 ፒን ከሆነ የአታሪ ኤስቲ ነው። ጠፍጣፋ ሪባን ሆኖ 34 ቀዳዳ ካለው ደግሞ ቢቢሲ ማይክሮ ለሚባለው ኮምፒውተር የተሸጠ ሊሆን ይችላል።

ከአሚጋው ጀርባ ባለ 23 ፒን ሁለት ሶኬቶች ያያሉ። ፒኖቹ ወጣ ወጣ ያሉት የስክሪኑ ነው፤ ቀዳዳ ያለው የድራይቩ ነው። ሲሰኩም ሲነቅሉም ማሽኑ ይጥፋ። ይህን ስል ለወግ ያህል አይደለም። የድራይቩን ገመዶች የሚያዙት 8520 የሚባሉ ቺፖች ናቸው፤ መብራት እያለ ከተነካኩ አንዷ ብልጭታ ልትገድላቸው ትችላለች። ከበራ በኋላ ድራይቩ ዲኤፍ1 ተብሎ ይቀርብዎታል። የውስጡ ዲኤፍ0 ነው።

ጥያቄ፦ ሁለተኛው ድራይቭ ሲሰካ አንዳንድ ጌሞች አይነሱም። ስነቅለው ይነሳሉ። ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ አልተበላሸም። አሚጋ ለእያንዳንዱ ድራይቭ ከሜሞሪው ላይ ቆርሶ ይይዛል። ማሽኑ ያለው 512 ኪሎባይት ብቻ ከሆነና ጌሙ ሙሉውን የሚፈልግ ከሆነ ቦታ ያጥራል። የድራይቩን ጀርባ ይመልከቱ፤ በዘመኑ ብዙዎቹ አምራቾች ትንሽ ማብሪያና ማጥፊያ ያደርጉለት ነበር። ማሽኑን አጥፍተው እሷን ወደ ማጥፊያው ይግፏት፤ መንቀል አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ የአሚጋዬ የውስጥ ድራይቭ ሞተ። ቤት ውስጥ ከድሮ ፒሲ የፈታሁት 3.5 ኢንች ድራይቭ አለኝ። ኬብሉ ልክ ስለገባ ሰካሁት፤ ሞተሩም አይዞር፣ መብራቱም አይበራ። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ኬብሉ ልክ መግባቱ ነው ብዙ ሰው የሚያሳስተው። ሁለቱም 34 ፒን ናቸው፤ አብዛኞቹ ገመዶችም አንድ ዓይነት ሥራ ነው ያላቸው። ችግሩ ያለው ሦስት ፒኖች ላይ ነው።

የመጀመሪያው የመምረጫው ነው። አንድ ኬብል ላይ ሁለት ድራይቭ ሊሰካ ስለሚችል እያንዳንዱ የራሱ መጠሪያ ቁጥር አለው። የፒሲ ድራይቭ ሁሉ ከፋብሪካ ሲወጣ ቁጥር 1 ሆኖ ነው የሚመጣው። ፒሲው ድራይቭ ኤን ከድራይቭ ቢ የሚለየው ኬብሉ መሃል ላይ ጥቂት ገመዶችን በመጠምዘዝ ነው፤ ያቺን ጥምዝ አይተሃት ይሆናል። የአሚጋ ኬብል ግን ቀጥ ያለ ነው፤ የውስጡንም ድራይቭ ቁጥር 0 ብሎ በፒን 10 ይጠራዋል። ያንተ ድራይቭ በፒን 12 መጠራትን ነው የሚጠብቀው። ስለዚህ አሚጋው ቢጠራው ቢጠራው አይሰማም። ለዚህ ነው ጭጭ ያለው።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ፒን 2 እና ፒን 34 ናቸው። አሚጋ "ዲስክ ተቀይሯል" የሚለውን ምልክት በፒን 2፣ "ዝግጁ ነኝ" የሚለውን በፒን 34 ይጠብቃል። የፒሲ ድራይቭ ግን "ተቀይሯል" የሚለውን በፒን 34 ነው የሚልከው፤ "ዝግጁ ነኝ" የሚለውን ጭራሽ አይልክም። ቁጥሩን ብቻ አስተካክለህ ብትተወው ወርክቤንች (የአሚጋው ዴስክቶፕ) ይነሳልሃል፤ ምክንያቱም ሲስተሙ የ"ዝግጁ" ምልክት አይጠብቅም፣ ሞተሩን አስነስቶ ትንሽ ታግሶ ማንበብ ይጀምራል። ታዲያ ዲስክ ስትቀይር አይነቃም። ድራይቩን በቀጥታ የሚያዙ ጌሞች ደግሞ "ዝግጁ" እስኪባሉ ቆመው ይቀራሉ። ብዙ ሰው "ወርክቤንች እየሠራ ጌሙ ለምን ይቆማል" ብሎ ዲስኩን ይጠረጥራል። ዲስኩ ምንም አልሆነም።

መፍትሔው እንዲህ ነው። ድራይቩን ገልብጠህ ሰርኪቱን በደንብ ብርሃን እየው። ብዙዎቹ ላይ ዲኤስ0፣ ዲኤስ1 (መጠሪያ ቁጥሮቹ)፣ አርዲዋይ ("ዝግጁ")፣ ዲሲ ("ተቀይሯል") የሚሉ በላቲን ፊደል የተጻፉ ደቃቅ ምልክቶች አሉ፤ አጠገባቸውም በሊድ የሚገናኙ ትናንሽ ነጥቦች። ከዲኤስ1 ላይ ሊዱን አንስተህ ዲኤስ0 ላይ ትበይዳለህ። የ"ተቀይሯል"ን መስመር ከፒን 34 ቆርጠህ በቀጭን ሽቦ ወደ ፒን 2 ትወስዳለህ። ድራይቩ የ"ዝግጁ" ምልክት ማውጫ ካለው እሱን ከፒን 34 ጋር ታገናኛለህ። ከሌለው ፒን 34ን ከግራውንድ ጋር ማገናኘት ይቻላል፤ ግን ያኔ ድራይቩ ሞተሩ ሳይፈጥን ሁሉ "ዝግጁ ነኝ" ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ያዘልቃል፤ እውነተኛው ምልክት ያለው ካገኘህ ግን እሱን ምረጥ። ለዚህ ሥራ የሚመች ተብሎ በአሚጋ ሰዎች ዘንድ በጣም የታወቀው ሳምሰንግ ኤስኤፍዲ-321ቢ ነው።

መበየጃ ካልለመድክ አትጀምረው። ፒኖቹን የሚያቀያይር ትንሽ አስማሚ ሰርኪት ይሸጣል፤ በድራይቩና በኬብሉ መሃል ይገባል። የማሽኑን ኦሪጅናል ኬብል ግን አደራ እንዳትቆርጥ። ደግሞ አንድ ነገር፦ ማሽኑን ስታበራ የድራይቩ መብራት በርቶ ከዚያው ካልጠፋ ኬብሉን ገልብጠህ ሰክተሃል። አጥፋና አዙረው።

ጥያቄ፦ ያንኑ የፒሲ ድራይቭ በውጭ በኩል፣ በ23 ፒኑ ሶኬት ብጠቀምበትስ?

መልስ፦ ይቻላል፤ ግን ሽቦ ከሽቦ ማገናኘት ብቻውን አይበቃም። አሚጋ ላይ ሞተር የሚያስነሳው መስመር ለውጭ ድራይቮች ሁሉ የጋራ ነው። እያንዳንዱ ድራይቭ በተጠራባት ቅጽበት መስመሩ ላይ ያለውን ትእዛዝ አንብቦ መያዝ አለበት። ለውስጡ ድራይቭ ይህን የሚሠራለት ማዘርቦርዱ ነው። የውጩ ግን የራሱ ቺፕ ያስፈልገዋል፤ ብዙ ጊዜ 7474 የሚባለው ተራ ቺፕ ነው። በዚያ ላይ ማሽኑ ሲነሳ "ማን ነህ?" ብሎ በ"ዝግጁ" መስመር በኩል 32 ጊዜ ይጠይቃል። ትክክለኛ መልስ ካላገኘ ድራይቩን የለም ብሎ ያልፈዋል። እነኩማናና ሮክቴክ በሳጥናቸው ውስጥ ትንሽ ሰርኪት የሚጨምሩት ለዚህ ነው። ስለዚህ በውስጡ ያለው ድራይቭ የሞተ የኩማና ሳጥን በርካሽ ካገኙ አይጣሉት፤ የሚፈለገው ሰርኪት እዚያው አለ። 23 ፒኑን መሰኪያ ለብቻው ማግኘት ከባድ ሲሆን ባለ 25ቱን ገዝተው ሁለት ፒን ቆርጠው የሚያስገቡም አሉ፤ ያምርበታል ባልልም ይሠራል።

ጥያቄ፦ ዲስክ ሳይኖርበት በየጥቂት ሰከንዱ "ቀጭ" ይላል። እንቅልፍ ነሳኝ!

መልስ፦ ጤነኛ ነው። አሚጋው ዲስክ ገብቶ እንደሆነ ለማወቅ የማንበቢያውን ራስ እያንቀሳቀሰ ይሞክራል። ድምፁን የሚያጠፉ ትናንሽ ፕሮግራሞች አሉ፤ ኪክስታርት (ማሽኑ ውስጥ ቺፕ ላይ ያለው ሲስተም) 2.0 እና ከዚያ በላይ ላይ ይሠራሉ። አንዳንድ ባዕድ ድራይቮች ግን አይቀበሏቸውም፤ ዲስክ ቢያስገቡም ማሽኑ ሳያይ ይቀራል። ያንተም እንደዚያ ከሆነ ባዶ ዲስክ አስገብተህ ተወው።

ጥያቄ፦ የማገኘው ዲስክ ሁሉ ባለ 1.44 ሜጋባይቱ ነው። አሚጋ ላይ ይሠራል?

መልስ፦ ለጊዜው ይሠራል፤ የሚወዱትን ነገር ግን አያስቀምጡበት። የአሚጋ ተራ ድራይቭ 880 ኪሎባይት ይጽፋል፤ የሚስማማው አንድ ቀዳዳ ብቻ ያለው የድሮው ዲስክ ነው። ባለ ሁለት ቀዳዳው ዲስክ የተቀባው ማግኔት ጠንከር ያለ የመጻፊያ ኃይል ይፈልጋል። ዛሬ የጻፉት ከወራት በኋላ ስህተት ሊያወጣ ይችላል። ድራይቩ ከፒሲ የመጣ ከሆነ ደግሞ ሁለተኛዋን ቀዳዳ በፕላስተር ይሸፍኗት፤ አለበለዚያ ድራይቩ ራሱ ወደ ሌላው አጻጻፍ ይቀይራል።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነኝ። አጎቴ ከጀርመን ባመጣው አሚጋ እየጻፍኩ ሳለ መብራት ሄደ። አሁን ዲስኩ ላይ ምንም መጻፍ አልተቻለም።

መልስ፦ አሚጋ መጻፍ ሲጀምር ዲስኩ ላይ "ሥራ ላይ ነኝ" የሚል ምልክት ያደርጋል፤ ሲጨርስ ያነሳዋል። መሃል ላይ መብራት ከሄደ ምልክቱ እንዳለ ይቀራል። ዲስኩን በሚቀጥለው ጊዜ ስታስገቢው ማሽኑ ሙሉውን አንብቦ የቦታ መዝገቡን እንደገና ለመሥራት ይሞክራል። በዚህ ጊዜ ድራይቩ ለረጅም ጊዜ ያጉረመርማል፤ አታቋርጪው። የተጎዳ ፋይል ካገኘ ግን ያቆማል፤ ዲስኩም ለንባብ ብቻ ይሆናል።

ያኔ ከወርክቤንች 1.3 ጋር የሚመጣውን ዲስክዶክተር አትንኪው። ጥገናውን በዚያው በተጎዳው ዲስክ ላይ ስለሚጽፍ ይባስ ሊያበላሸው ይችላል። የኮሞዶር መሐንዲስ የነበረው ዴቭ ሄይኒ የጻፈው ዲስክሳልቭ ይሻላል፤ የተረፉትን ፋይሎች አንሥቶ ሌላ ዲስክ ላይ ይገለብጣል። ሁለተኛ ድራይቭ ለዚህ ቀን ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ያለኝ ኮሞዶር 64 ነው። የአሚጋ ወይም የፒሲ ድራይቭ ልሰካበት እችላለሁ?

መልስ፦ አይሆንም። የኮሞዶር 64 ድራይቭ 1541 ራሱን የቻለ ኮምፒውተር ነው፤ በውስጡ 6502 ፕሮሰሰር፣ 2 ኪሎባይት ራምና 16 ኪሎባይት ሮም አለው። ከማሽኑ ጋር የሚነጋገረው በክብ ባለ 6 ፒን ኬብል ነው። ለእሱም ኢንዱስ ጂቲና ኦሺያኒክ የመሳሰሉ ባዕድ ድራይቮች ነበሩ። ተራ ጭነት ላይ ሁሉም ይሠራሉ። 1541 በሰከንድ 400 ባይት ገደማ ብቻ ስለሚልክ ግን ብዙ ጌሞች ፈጣን ጫኝ አላቸው። ፈጣን ጫኙ ኮዱን ድራይቩ ራም ውስጥ ይከትና የ1541ን ሮም በቀጥታ ይጠራል። የባዕዱ ሮም አንድ ቦታ ላይ እንኳ ከተለየ ጌሙ ይቆማል። እና ሲገዙ ፈጣን ጫኝ ባለው ጌም ሳያስሞክሩ ገንዘብ አይስጡ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ በ1990ዎቹ መጀመሪያ አሚጋ ላይ የሠራቸው ሙዚቃዎች ፍሎፒ ላይ አሉ። ፒሲ ላይ ሳስገባው "ፎርማት ይደረግ?" ይለኛል። ጠፍቶ ይሆን?

መልስ፦ እባክዎ "አዎ" እንዳይሉት! አልጠፋም። እንዲህ ባለው ዲስክ ፒሲ አንድ ትራክ (የዲስኩ አንድ ዙር) ላይ 9 ሴክተር (የዳታ ቁራጭ) ሲጽፍ አሚጋ 11 ይጽፋል፤ አጻጻፉም ሌላ ነው። የፒሲው መቆጣጠሪያ ቺፕ ሊያነበው አይችልም።

መጀመሪያ የዲስኩን መከለያ በጣትዎ ገለጥ አድርገው መሃሉን ይዘው ያዙሩት። ነጭ ነጠብጣብ ወይም ክብ ጭረት ካዩ ሻጋታ ወይም ጉዳት ነው፤ ድራይቭ ውስጥ አያስገቡት፣ የማንበቢያውን ራስም ያቆሽሻል። ንጹሕ ከሆነ የመጻፍ መከላከያዋን ገፍተው ቀዳዳው ወለል ብሎ እንዲታይ ያድርጉ። ከዚያ ግሪስዊዝል የሚባለውን ሰርኪት ይግዙ። ኪየር ፍሬዘር የሠራው ነው፤ በዩኤስቢ ይሰካል፣ ተራውን የፒሲ ድራይቭ ተጠቅሞ የአሚጋን ዲስክ ያነባል። ሲጨርስ ከ1,760 ሴክተሮች ስንቱን እንዳገኘ ይነግርዎታል። የጎደለ ካለ የድራይቩን ራስ በንጹሕ አይሶፕሮፒል አልኮልና በጥጥ ቀስ አድርገው ያጽዱ፤ የላይኛውን ራስ ወደ ላይ አይሳቡት፣ ስፕሪንጉ ስስ ነው። ከዚያ ያንኑ ዲስክ እንደገና ያስነብቡት።